ለእማዬ የሰጠኋት አገር

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ የምደሰት ሰው በሰፈራችን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያኔ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አምስት አባወራ በሚኖርበት ግቢ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረችን፤ እኔና እማዬ ብቻ። አባቴን አላስታውሰውም፣ የሞተው ገና ዳዴ ስል ነው። መብራት ድርግም ሲል የጎረቤት ሬዲዮ ሁሉ ባንዴ ጸጥ ይላል፤ ከግድግዳው ማዶ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ «ደግሞ ጀመሩን» ትላለች፤ እማዬ በዳበሳ ኩራዙን ከመደርደሪያው ታወርዳለች። የነጭ ጋዙ ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ከሰል ማንደጃው ላይ ሽሮው ሲንተከተክ፣ የፍሙ ቅላት የእማዬን ጉልበት ሲያበራው፣ የቤታችን ጨዋታ ሊጀመር ነው ማለት ነው።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልሽ።»

እንቆቅልሽ ያልተጫወተ መቼም የለም። መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው የተሰጠውን አገር ተቀብሎ እዚያ ሄዶ ጥሩ ጥሩውን ለራሱ፣ መጥፎ መጥፎውን ለተሸናፊው አድሎ ሲያበቃ መልሱን ይናገራል። የሌሎች ልጆች እናቶች ይህን በሁለት መስመር ነበር የሚጨርሱት። የእኔዋ ግን ትጓዝ ነበር። ጎንደርን ከሰጠኋት መጀመሪያ ሻንጣዋን ታዘጋጃለች፤ በመስኮቱ በኩል ቦታ ትይዛለች፤ ቆሎ የምታካፍላት አንዲት ወይዘሮ አጠገቧ ትቀመጣለች፤ የወይዘሮዋ የሕይወት ታሪክ ብቻውን አንድ ተረት ነው። ደሴ ላይ ድምፅዋን ለጉም አደራ ሰጥታ ጉሙ ሲበተን ድምፅዋን ፍለጋ ገደል ለገደል የምትዞር ሴት ነበረች። ሐረር ላይ ካልተዘፈነለት ሥጋ የማይበላ ጅብ ነበረ። በየከተማው ደግሞ አንድ ሠርግ አይጠፋም፣ በየሠርጉም «እባክሽ አንድ ዝፈኝልን» የሚላት ሰው አይጠፋም። ያኔ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትዘፍን ነበር፤ ኩራዙ ፊት ለፊት ስለነበረች ትንፋሽዋ ነበልባሉን ሲያወዛውዘው ግድግዳው ላይ ያለው ጥላዋም አብሮ ይወዛወዛል።

እማዬ ከደብረ ዘይት አልፋ አታውቅም ነበር። ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ትሠራለች፣ ቀኑን ሙሉ ለየቅርንጫፉ የሚላክ ደብዳቤ ትመታለች፤ ከተሞቹን የምታውቃቸው ከደብዳቤ ራስጌ ነው። እሁድ እሁድ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ አስቀድሰን ስንወጣ ደግሞ ወደ ቤት አንመለስም። በእግራችን ለገሃር እንሄድና የባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ተቀምጠን፣ እኔ ቦምቦሊኖዬን እየገመጥኩ፣ ተጓዥ እናያለን። ተጓዥ ማለት እንኳን ያስቸግራል፤ እማዬ የምታየው ሻንጣውን ነበር። «ይቺ ትመለሳለች፣ ሻንጣዋ ቀላል ነው» ትለኛለች። «ይሄኛው ግን ፍራሹንም ይዟል።» ሰው እንዲህ ሲሄድ እያየ ሳይሄድ እንዴት ደስ ሊለው እንደሚችል ያኔ አይገባኝም ነበር፤ ብቻ እሷ ደስ ካላት እኔም ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እንቆቅልሾቹን አውቃቸው ነበር። «ሁሌ ይሄዳል፣ ቤቱ አይደርስም» የሚለው ወንዝ መሆኑን ያወቅኩት ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ሆኖም ስምንት ዓመት ሞልቶኝም ራሴን እያከክሁ «ኧረ ምን ይሆን?» እል ነበር፤ ካወቅኩማ ማን አገር ሊሰጣት ነው? እሷም ማወቄን ታውቃለች። እንዲህ ተናንቀን ሳይሆን ተሸናንፈን ነበር የምንጫወተው።

ጉዞው ሲያልቅ ጠረጴዛውን በጣቷ አንጓ ሦስት ጊዜ ታንኳኳና «ተመለስኩ» ትላለች። ይህን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፣ በሌላ ቤት አልሰማሁትም። እኔ ግን ካላንኳኳች ሽሮ አይወርድልኝም ነበር። አንዴ ረስታ ወጥ ልታወጣ ስትነሳ «አልተመለስሽም እኮ» ብዬ አለቀስኩባት። ሳቀችብኝ፣ ግን ተመልሳ ተቀምጣ አንኳኳች።

ቅዳሜ ከሰዓት በመሥሪያ ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ትለማመዳለች፣ እኔንም ትወስደኛለች። የክበቡ ኃላፊ ጋሽ ሰይፉ የሚባሉ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ፤ ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ አኮርዲዮኑን እንደ ሕፃን ልጅ ደረታቸው ላይ አቅፈው የሚሄዱ ሰው። እማዬ እዚያ ስትዘፍን ቤት እንደማውቃት አይደለችም። አንገቷ ይረዝማል፣ ዓይኗ እኔን አልፎ ሌላ ቦታ ያያል። ክፍሉ ጥግ ተቀምጬ ሳያት ኩራትም ፍርሃትም ይይዘኝ ነበር፤ ከሁለቱ ፍርሃቱ ይበልጣል።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ አንድ እሁድ፣ ጋሽ ሰይፉ ቤታችን መጡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ የቤት ሥራ የምሠራ መስያለሁ።

«አስካለ፣ ስምሽን አስገብቻለሁ» አሏት። «ክበቡ በየቅርንጫፉ ሊዞር ነው። ደሴ፣ መቀሌ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ። ቢበዛ ሁለት ወር ነው። ፈቃዱም ተገኝቷል።»

«ልጄስ ጋሼ?»

እትዬ በላይነሽ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። «እኔ የት ሄጄ?» አለች። «ከልጆቼ ጋር ትበላለች፣ ከልጆቼ ጋር ትተኛለች። ማለቴ፣ ሁለት ወር ምንድነው? ሂጂ በቃ።»

እማዬ «እስከ ማክሰኞ ላስብበት» አለቻቸው፤ ፊቷ ግን አስቦ የጨረሰ ሰው ፊት ነበር። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋው ሥር ሻንጣ አየሁ። የእትዬ በላይነሽ ነው፣ ቡናማ፣ አንዱ መቆለፊያው የተሰበረ። ተወልውሎ፣ እንዲናፈስ ክዳኑ በመጠኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። ውስጡ ባዶ ነበር።

የዚያን ቀን ምሽት መብራት አልጠፋም። እማዬ ራሷ ተነስታ አጠፋችው። ኩራዙን ለኮሰች፣ ሽሮውን ፍሙ ላይ ጣደች፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልሽ።»

«እሷ አገር ለአገር ትዞራለች፣ ባለቤቷ ከደጅ አልወጣችም።»

ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ራሷ የፈጠረችው ይመስለኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ አሰብኩ፣ ከልቤም ጠፋኝ።

«አላወቅኩትም።»

«እንግዲያው አገር ስጪኝ።»

የጨዋታ ድምፅ አልነበረም። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ግን ምን እየጠየቀችኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ደሴ ብላት፣ ጎንደር ብላት፣ ያ ባዶ ሻንጣ ይሞላል። ሁለት ወር በእትዬ በላይነሽ ቤት፣ በስድስት ልጆች መሃል ተኝቼ፣ ጠረጴዛ የሚያንኳኳ ሰው ሳልሰማ አድራለሁ። ከዚያም ያ ሩቅ የሚያየው ዓይኗ እዚያው ሩቅ ይቀራል።

«ካዛንቺስን» አልኳት።

በጨዋታው ሕግ ጠያቂው የተሰጠውን አልፈልግም ማለት ይችላል። እማዬ ደብረ ዘይትን እንኳን «ቅርብ ነው፣ ጨምሪ» ብላ የመለሰችብኝ ሴት ናት። ጨምሪ እንድትለኝ ጠበቅኩ። ብትለኝ ኖሮ እጨምር ነበር፤ እንደዚያ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ።

«ካዛንቺስን?» አለች።

«አዎ።»

ፍሙ አንዴ ተፍ አለ። ወደ ሽሮው ዞር ብላ አማሰለችና ተመለሰች። «ካዛንቺስ ሄጄ ምን አጥቼ» አለች። «ልጄ አለች፣ ቤቴ አለ።» ወዲያው ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ አንኳኳች። በሕይወቷ የሄደችው አጭሩ መንገድ ይኸው ነበር።

«መልሱስ?»

«ድምፅ» አለችኝና ሽሮውን አወረደች።

ያን ምሽት ጥግብ ብዬ በልቼ፣ ደስ ብሎኝ፣ ለጥ ብዬ ተኛሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ማክሰኞ ሻንጣው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ክበቡ ያለ እማዬ ሄዶ ያለ እማዬ መጣ፤ በእሷ ቦታ ሌላ ሴት ዘፍናለች፣ ጥሩም ዘፍናለች አሉ። ጋሽ ሰይፉ ከጅማ ለእኔ ትንሽ በርጩማ አምጥተውልኝ «እናትሽን ስለጠበቅሽልን ነው» ሲሉኝ ሳቁ፣ እማዬም ሳቀች። እኔ በርጩማው ላይ ተቀምጬ እግሬን አየሁ። የቅዳሜው ልምምድ በየሁለት ሳምንቱ ሆነ፣ ከዚያ በየወሩ፣ ከዚያ ቀረ። መቼ እንደቀረ ልብ አላልኩም።

አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ቁጡ እናት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እንቆቅልሹን ሳልጠየቅ አገር እደረድርላት ጀመር፤ ደሴን ሰጠሁሽ፣ መቀሌን ሰጠሁሽ፣ ባሕር ዳርን ከነሐይቁ። «ደሴ ሄድኩ፣ ብርድ ነው፣ መጣሁ» ትልና ታንኳኳለች። ድምፅዋን ለጉም አደራ የሰጠችው ሴት ድምፅዋን ታግኘው አታግኘው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ደፍሬ ስጠይቃት «ትፈልጋለቻ፣ ምን ታድርግ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ዞረች።

አሁን እኔ ያኔ እማዬ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ልጄ ሐዋሳ ለመማር ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ሐዋሳን አልከለከልኳትም። መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼ፣ ሻንጣዋ ከባድ መሆኑን አይቼ፣ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ መስኮቱን ከፈቱልኝ። እማዬ ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ ከእኔ ጋር ናት፤ ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ያ ግቢ ለልማት ተነስቷል። ባለፈው ወር ለሥራ ወደ ካዛንቺስ ሄጄ ቦታውን ፈለግኩት፤ በቆርቆሮ ታጥሯል፣ በራችን የት ጋ እንደነበር በዓይን ግምት እንኳን ማወቅ አልቻልኩም። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ አልጠየቀችኝምም። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታች የሚሄደውን ሰው ታያለች። ሁለታችንም ብዙ አንናገርም። ልጄ ስትደውል ብቻ ቤቱ ድምፅ ይኖረዋል፣ ስልኩ ሲዘጋ ከበፊቱ የባሰ ጭር ይላል።

ባለፈው ሐሙስ፣ እራት ሳናቀርብ፣ መብራት ጠፋ። ሻማ ፈልጌ የጅማው በርጩማ ላይ አቆምኩ። የእማዬን ፊት ከዓመታት በኋላ በዚያ ብርሃን አየሁት።

«እማዬ፣ እንቆቅልሽ አትጠይቂኝም?» አልኳት።

«አሁን በዚህ ዕድሜሽ?»

«ጠይቂኛ።»

አሰበች። «ሁሌ ይሄዳል፣ ቤቱ አይደርስም።»

«ኧረ ምን ይሆን?» አልኩ፣ ራሴን እያከክሁ። ፈገግ አለች፤ እንደማውቅ ታውቃለች። «ሁሉንም ሰጠሁሽ እማዬ። ደሴን፣ መቀሌን፣ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርን፣ ጅማን። አምስቱንም።» ሠላሳ ምናምን ዓመት የያዝኩት ይቅርታ ይኸው ነበር፣ ከዚህ በተሻለ ቃል ልለው አልቻልኩም።

እጄን ያዘችኝ። «እነሱን ምን ላደርጋቸው ነው ልጄ» አለች። «ካዛንቺስን ስጪኝ።»

ቆርቆሮው ትዝ አለኝ። በስስት የሰጠኋት አገር፣ ጨምሪ ያላለችኝ አገር፣ አሁን የለኝም። የሌለኝን ግን እንዴት ነው የምከለክላት?

«ሰጠሁሽ» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። ሻንጣ አላዘጋጀችም፣ መስኮት አልያዘችም። «ካዛንቺስ ሄጄ» ብላ ጀመረች። ከአስፋልቱ ገባ አለች፣ የቧንቧውን ወረፋ አለፈች፣ እትዬ በላይነሽን ሰላም አለቻት። ፍሙ ተያይዟል። አንዲት ልጅ ደፍ ላይ ተቀምጣ እናቷን ትጠብቃለች፣ ቦምቦሊኖ በልታ አፏን አልጠረገችም። ከዚያ እማዬ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ መዝፈን ጀመረች። የሻማው ነበልባል ተወዛወዘ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ጥላዋም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጣቶቿን አየሁ። ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፣ አልተንቀሳቀሱም። መብራት መጣ፣ ፍሪጁ ማጓራት ጀመረ፣ እሷ ዓይኗን አልገለጠችም፤ ፊቷ ግን ነቅቶ ነበር። እንደ ልጅነቴ «አልተመለስሽም እኮ» ልላት ነበር። ላንኳኳላት እጄን አነሳሁና መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ትቆይ። ያኔ ሁለት ወር ከልክያታለሁ።