መዝሙሩን ማን ጻፈው?

ያስገቡኝ ክፍል ለአምስት ሰው አይበቃም፤ አሥራ አንድ ሴቶች ነበርንበት። ግድግዳው ሰው ሲደገፍበት ኖሮ በጀርባ ልክ ጠቁሯል። ሙቀቱን አላወራውም፤ ካርቱምን የሚያውቅ ያውቀዋል።

በመንግሥት ላይ የተነሳው ሰልፍ የበረታበት ሰሞን ነበር። እኛ ሐበሾች ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት ለጸሎት ተሰብስበን ሳለ የጸጥታ ሰዎች ስውር ስብሰባ ነው ብለው ገቡብን። ሌሎቹን ለቀቋቸው፤ የመዝሙር ደብተሩ በእኔ ቦርሳ ስለተገኘ እኔ ቀረሁ። ደብተሩን የጻፈችው ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የምትኖር ጓደኛዬ ናት። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የላትም፣ ያን ጊዜ ደግሞ አራስ ነበረች።

ይህን አብራን ለታሰረች አንዲት የወሎ ልጅ ብቻ ሹክ አልኳት። ሙስሊም ናት። አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ የአሠሪዎቿ ልጅ ሰልፍ ወጥቶ ሲጠፋ «የት ደበቅሽው?» ብለው ያመጧት ናት። አረብኛዋ ጥሩ ስለሆነ መርማሪው አስተርጓሚ አደረጋት።

የመጀመሪያውን መዝሙር አስነበበኝ። እስራኤል ባሕሩን ሲሻገሩ የሚል ነው። ፈርዖን የሚለውን ስም ያለ አስተርጓሚ ሰማው።

«ፈርዖን የምትሉት ማንን ነው? ማን ጻፈው?»

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ያሉንን ነገርኩት። ክረምት ላይ ከንግሥ ሲመለሱ ወንዝ የሞላባቸው እናቶች ዳር ላይ ቆመው ሲያድሩ፣ አንዷ ስትጀምር አንዷ ስትቀጥል ያወጡት ነው። ውሃው እስኪጎድል አብሮ መጠበቅ ነው ትርጉሙ።

«ስማቸውስ?»

«አይታወቅም። መዝሙር ላይ ስም አይጻፍም።»

የወሎዋ ልጅ ከራሷም ጨመረችበት መሰለኝ፤ መንዙማ ስትል ሰማኋት። ሰውዬው ሳቀ። «እሺ፣ ይሄ የእጅ ጽሑፍ የማን ነው? ንገሪንና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።»

«የእኔ ነው» አልኩ።

እስክሪብቶ ሰጠኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ነው፣ የጓደኛዬ የታተመ ይመስላል። አንድ መስመር ገለበጥኩ። መርማሪው ሁለቱን ወደ እሷ ገፋ አደረጋቸው።

«የአንድ ሰው እጅ ነው?»

ሁለቱን ጽሑፎች አስተያየቻቸው። «የአንድ ሰው ነው።»

«ወላሂ በይ።»

ይህች ልጅ በዚያ ጥበት ውስጥ እንኳ ሻርፗን አንጥፋ አምስቱን ሶላት የምትሰግድ ናት።

«ወላሂ» አለች።

ክፍላችን ስንመለስ «ለምን ማልሽ?» አልኳት።

«አራስ ነች አላልሽኝም? ተይኝ በአላህ፣ እህቴ። ለመሐላው ሦስት ቀን እጾማለሁ። ይማረኝ አይማረኝ እሱ ያውቃል።»

በማግስቱ በዚያ ሙቀት ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ዋለች። እኔም ለምሳ የሰጡኝን ፉል ሳልነካ መለስኩት።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«አብሬሽ ነኝ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ዳቦ ለሁለት ቆርሰን በላን። ሦስቱንም ቀን እንዲሁ አደረግን። በአራተኛው ቀን «ያላ!» ብለው ጠሯት፤ አልተመለሰችም።

እኔን ቆይተው ወደ አገሬ አባረሩኝ። ጓደኛዬ ልጇን እያሳደገች ነው፤ የሆነውን አልነገርኳትም። መዝሙሩ ሲነሳ እዘምራለሁ፣ ግን ያመኛል። ውሸቱን የጀመርኩት እኔ፣ የማለችው እሷ። በየዓመቱ ከአጽዋማቱ ውጭ ሦስት ቀን ጨምሬ እጾማለሁ። የንስሐ አባቴ «ይሄ ደግሞ የምን ጾም ነው?» ይሉኛል።

«የእህቴ ነው» እላቸዋለሁ።