በቁሜ የተጠራው ቅሬ

ወደ ተወለድኩባት ከተማ፣ ወደ ሐይቅ፣ የተመለስኩት በግራ ጉልበቴ ምክንያት ነው። ጅማቱ ተበጥሶ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኛል። ኮንትራቴ ሲያልቅ ደግሞ ክለቤ «ስትድን እናወራለን» አለኝ። በኳስ ዓለም ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ተጫዋች የለም። ለሰፈሬ ሰው ግን «እረፍት ላይ ነኝ» አልኩት።

ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህ የምጠራው «የኳሱ ልጅ» ተብዬ ነው። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር «የኳሱ ልጅ፣ ግባ!» ይለኛል። ኳሱ ሲሄድ ልጁን ብቻውን ማን ይፈልገዋል የሚለው ሐሳብ ከጉልበቴ በላይ ያመኝ ነበር። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘልኝን እንቅስቃሴ የምሠራው ሰው ሳይነሳ፣ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መነኮሳት ኳስ አይከታተሉም ብዬ ተማምኜ። አንድ ቀን አንዱ አባት ቀረብ ብለው «ያ ጉልበት እንዴት ነው?» ሲሉኝ ግን መግቢያ አጣሁ።

ጎረቤቴ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ እናቴ ናት። እሷ በሶላቷ፣ እኛ በጾማችን፣ ሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። እማ ነው የምላት። ሁለቱም ሴት ልጆቿ አረብ አገር ናቸው። ሶፋ ልከውላታል፣ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ልከውላታል፤ ከቦኖ ውሃ የሚያመጣላት ሰው ግን መላክ አልቻሉም። እሱ የእኔ ሥራ ሆነ። ማታ ማታ ጀሪካኗን ሞልቼ አመጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ሥራው ለእኔም ይመቸኝ ነበር፤ ሙሉ ጀሪካን ያንጠለጠለ ሰው ቢያነክስ ማን ይጠረጥረዋል?

ከመንደራችን በታች ያደግኩበት ሜዳ አለ። በክረምቱ ጎርፍ ከተራራው ድንጋይ አንከባሎ ሞላው። የሰፈሩ ሴት ልጆች ቡድን ነበራቸው፤ መጫወቻ አጥተው ተበትነዋል። መለያ፣ ኳስና መረብ ገዛሁላቸው። ሰዉ «በጎ አድራጎት» ሲለው ያሳፍረኛል፤ ለእኔ ከሜዳው ጋር መታረቅ ነበር። ድንጋዩን ግን ብቻዬን አልችለውም። የቅሬውን ዳኛ ለመንኳቸው።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ዳኛውም ሰብሳቢው ናቸው። እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ዳኛው እሺ ብለው ለቅሬው ጠሪ ነገሩት፦ «ነገ ጠዋት ዶማና አካፋ ተይዞ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ የኳሱ ልጅ ነው የጠራን።» ጠሪያችን ድምፁ ከሐይቁ ማዶ የሚሰማ ሽማግሌ ነው። ችግሩ፣ ዕድሜውን ሙሉ የጠራው ሞት ብቻ ነው። ንጋት ላይ ጉብታው ላይ ወጣና አፉ የለመደውን ለቀቀው፦

«ቅሬ ውጡ! የኳሱ ልጅ ነው! ዶማና አካፋ ይዛችሁ ውጡ!»

እኔ ያን ሰዓት የገዳሙ መንገድ ላይ ጉልበቴን እያጠፍኩ እዘረጋለሁ። ስመለስ ደጄ በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ዶማ ይዘዋል፣ ድንኳን እየተተከለ ነው፣ የቅሬው ቃሬዛ ግድግዳዬን ተደግፏል። ጎረቤት የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩና ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ። የእማን ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው። ሼኹ ሙሾ ክልክል ነው ብለዋት ትታው ነበር፤ ለእኔ ሲሆን ረሳችው።

«ጎሉን ሌላ ያግባው፣ ኳሱን ሌላ ይምታ፤
ጀሪካኔን ማነው የሚያነሳው ማታ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። የሞትኩት እኔ መሆኔ የገባኝ በዚህ ነው። ሳቅ እንዴት አይመጣም? አልመጣም። ላገባኋቸው ጎሎች ያለቀሰ አንድም ሰው የለም። ከቁልቋሉ ጀርባ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ በሕይወቴ እንዲህ ተወድጄ አላውቅም።

አፍንጫዬን ስጠርግ ሰሙኝ። እማ ዞር ብላ አየችኝ።

«ቢስሚላህ! አንተ አልሞትክም እንዴ?»

«አልሞትኩም፣ እማ።»

ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ትከሻዬን መታችኝ፤ ወዲያው አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅስ ጀመር። «አስተግፊሩላህ፣ በከንቱ ሙሾ አስወረድከኝ» እያለች በእኔው ሸሚዝ እንባዋን ጠረገች።

ሰዉ ሁሉ ወደ ጠሪው ዞረ። እሱም ወይ ፍንክች፦ «ውጡ አልኩ እንጂ ሞተ መቼ አልኩ? ዶማም አካፋም ብያለሁ!»

ሜዳው ላይ ሲጠብቁን ቆይተው ያኔ የደረሱት ዳኛ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፦ «በሉ፣ የወጣ ቅሬ ባዶውን አይገባም። ዶማው እዚህ፣ ሜዳው እዚያ» አሉ።

መቃብሬን ሊቆፍሩ በመጡበት ዶማ ሜዳዬን ቆፈሩልኝ። የሚሸከሙበት ሲጠፋ አንዱ ቃሬዛውን አመጣ፤ እኔን ሊያወጡበት ባሰቡት ቃሬዛ ድንጋይ ለአራት እየተሸከሙ ወደ ዳር አወጡ። «ከአንተ ይሄ ይቀላል!» እያሉ ይተርቡኛል። ሴቶቹ ለለቅሶተኛ ያሰናዱትን ንፍሮ ለሠራተኛው አደሉት። ልጆቹ አዲሱን መለያ ለብሰው ሜዳው እስኪጸዳ አላስቀመጥ አሉን።

እማ ዳር ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩና ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት።

«እማ፣ ክለቡ ትቶኛል። ጉልበቴም ይመለስ አይመለስ አላውቅም። ከእንግዲህ የኳሱ ልጅ አልሆን ይሆናል።»

ከልቧ የገረማት ትመስል ነበር። «ታዲያ ክለቡ ነው እንዴ ውሃ የሚቀዳልኝ?» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ ጉልበቴን በመዳፏ ሸፈነችው። «ማነከስህን አውቃለሁ እኮ። ጀሪካኑን ግማሽ ብቻ ሙላ እንዳልልህ፣ ይከፋሃል ብዬ ነው። አብሽር የኔ ልጅ። ብቻ ማታ እንዳትቀርብኝ።»

ማወቋን ስትደብቀኝ የኖረችው እሷ ነበረች፤ እኔ ደግሞ የደበቅኩ መስሎኝ።

ሲመሻሽ ልጆቹ መረቡን አስረው መጫወት ጀመሩ። ቦኖው ጋ ግማሹ ሰፈር ተሰልፏል፤ ጠሪውም አለ። ጀሪካኗን ግማሽ ድረስ ብቻ ሞላሁ።

«የኳሱ ልጅ፣ ግራህን ታነክሳለህ እንዴ?» አለ፤ በዚያ ድምፁ ሐይቅ ሁሉ ሰማ።

«አዎ፣ አነክሳለሁ» አልኩ።

አንዷ ሴትዮ መንገድ ለቀቀችልኝ። እማ በሯን ከፍታ ቆማ ትጠብቀኛለች። መሽቷል፤ ጀሪካኗን አነሳሁ።