እናቷን በጎን የሳለችው ልጅ

ያኔ ሀርጌሳ ውስጥ ለሰፈራችን ሐበሻ ልጆች ፊደል የማስቆጥረው እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን ሾምኩ። ሌላውን ቀን በአንድ እንግዳ ማረፊያ ወጥ እሠራለሁ። ዓርብ ግን ከተማው ሥራ ስለሚያቆም፣ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር በተከራየንበት ግቢ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ልጆቹን ሰብስቤ አስተምራለሁ። አገር ቤት ሳለሁ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ፤ በእጄ አልፎ ማንበብ ያቃተው ልጅ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

አንዲት ልጅ ግን አቃተችኝ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ እናቷ ከእኛ ጎን ያለውን ክፍል ተከራይታ፣ የሰው ልብስ እያጠበች ብቻዋን ነው የምታሳድጋት። ልጅቷ እዚያው ሀርጌሳ ተወልዳ ያደገች ናት፤ መንገድ ላይ ከሶማሌ ልጆች ጋር ስትሟገት የሰማ ሐበሻ ናት አይልም። አፏ እንዲያ የሚፈጥን ልጅ ፊደል ፊት ስትቀመጥ ጭጭ ትላለች። ዛሬ «ለ»ን አሳውቃታለሁ፤ በሚቀጥለው ዓርብ አይታው እንደማታውቅ ታፈጥበታለች። በሰፈሩ ትምህርት ቤትም ክፍል ደግማለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ከረሜላ ገዛሁላት። ወፍ የለም።

ነገሩ የእኔ ክብር ብቻ ቢሆን ምን ቸገረኝ። እናትየው ግን ቆርጣ ተነሥታ ነበር። እሷ ራሷ ማንበብ አትችልም፤ ስልኳ ላይ የሚመጣላትን መልእክት ሁሉ እኔን ለምና ነው የምታስነብበው። «ልጄ እንደ እኔ ከምትቀር አገሯ ገብታ ትማር» አለችኝ አንድ ቀን። አገሯ የምትለው ወሎ ነው፣ አያቷ ዘንድ። ጦርነቱ ደርሶበት ስልክ ለወራት ተዘግቶ የከረመ አገር! ዓርብ ዓርብ ግቢያችን ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ እናቱ በሕይወት መኖር አለመኖሯን ለማወቅ ሲሞክር ነበር የሚውለው።

«አሁን ጋብ ብሏል» አለችኝ።

«ነገ ቢነሣስ?»

«እሱ ያውቃል።»

ደሜ ፈላ። ትምህርት ቤቱ ይከፈት አይከፈት እንኳ የሚያውቅ የለም እኮ! እሷ ግን ከበርበራ ጭነት የሚያመላልስ ያገራችን ሰው ሹፌር አነጋግራ ጨርሳለች። እስከ ጅግጅጋ እሱ ያደርሳታል፣ ከዚያ አጎቷ ይረከባታል። ከፋሲካ በኋላ ላለው ዓርብ ቀን ተቆረጠ። እስከዚያ ካነበበች ትቀራለች፤ ካላነበበች ትሄዳለች።

መጽሐፍ የሚባል አልነበረንም። ድሮ ከአገር ቤት እናስመጣ ነበር፤ ሰው በዚያ መከራ ውስጥ እያለ ግን መጽሐፍ ላኩልን ማለት አሳፈረኝ። ራሴ እሠራለሁ አልኩ። ግንበኛ ጎረቤቶቻችን የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አመጡልኝ፤ አራግፌ፣ ቆርጬ፣ በመርፌና ክር ሰፋሁት። ታሪኩንም ጻፍኩ፦ ከክፍሏ መጨረሻ የምትወጣ ልጅ ነበረች፣ ተግታ አጠናች፣ አንደኛ ወጣች። ስለ ማን እንደጻፍኩት ግቢው በሙሉ ገብቶታል።

ለልጆቹ ሳነብላቸው እጇን ያወጣችው እሷ ብቻ ናት። «ቲቸር፣ እሷ አንደኛ ስትወጣ መጨረሻ የሚወጣው ማነው?»

ልጆቹ ሳቁ። «ዝም ብለሽ ስሚ!» አልኳትና ገጹን ገለጥኩ።

ችግሩ እኔ ሥዕል አልችልም። ዶሮ ስስል ማንቆርቆሪያ ነው የሚወጣልኝ። ዋሄን ገበያ የሄደ እንደሚያውቀው፣ እዚያ የሱቁ ግድግዳ ሁሉ ሥዕል ነው፤ ፍየሉ፣ የዘይቱ ጣሳ፣ ጫማው፣ ውስጥ የሚሸጠው በሙሉ ውጭ ተስሎ ይታያል። ልጅቷ ዕቃ ግዢ ተብላ ስትላክ እነዚያ ግድግዳዎች ፊት ተገትራ እንደምትቀር እናቷ ስታማርር እሰማ ነበር፤ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ያን ዕለት ግን ልጆቹ ሲበተኑ እሷ ወደ ኋላ ቀርታ፣ በተራረፈው ወረቀት ላይ በከሰል የግቢያችንን ፍየል ሳለች። ጎመኔን በልታ ምንም እንዳላደረገ ሰው የምታየኝ ያቺ ሌባ ፍየል፣ ቁርጥ ራሷ!

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። እያየኋት ነው።»

ነገር ቶሎ ይገባኛል። መጽሐፉን አንቺ ትስይዋለሽ አልኳት። ፊደሉንም ማስቆጠር ተውኩና እንደ ፍየሏ እያየች እንድትስለው ሰጠኋት፤ የቱ እግሩ እንደሚረዝም፣ የት ጋ እንደሚጎብጥ። የሳለችውን ፊደል አትረሳም። ደስታዬን የት ላድርሰው! ግን ጊዜው አጠረን። ፋሲካ አልፎ ያ ዓርብ ሲደርስ ገና ግማሹን ፊደል ነበር የያዘችው፤ ማንበብ አልጀመረችም።

የዚያን ቀን ጠዋት የልጅቷ ልብስ በፌስታል ታስሮ በሩ ሥር ተቀምጧል። እናትየው እንደ ወትሮዋ ሳፋዋ ላይ አጎንብሳ ታጥባለች። የምከራከርበትን ሁሉ በሆዴ አሰናድቼ፣ ልጅቷን አስከትዬ፣ ተስሎ ያለቀውን መጽሐፍ ለእናትየው ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ገለጠችው። ጽሑፉን ስለማታነበው ሥዕሉን ብቻ ታያለች፣ ቀስ እያለች። የአስተማሪዋ ሥዕል ጋ ስትደርስ ሳቀች። «አንቺን እኮ ነው! አፍንጫሽን!» በልቤ ረታሁ አልኩ።

ቀጣዩን ስትገልጥ ሳቋ ጠፋ። ሥዕሉ ላይ የተማሪዋ እናት ሳፋ ላይ አጎንብሳ ታጥባለች፤ በጎን የተሳለች ናት።

«ይቺ ማናት?»

«አንቺ ነሽ» አለች ልጅቷ፣ ደስ ብሏት።

«ሰዉን ሁሉ በሁለት ዓይን ስለሽ፣ እኔን በአንድ ዓይን?»

ገና ያኔ ነው የታየኝ። ባደግንበት አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅና መልአክ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። እኔም ከልጅነቴ የማውቀው ነገር ነው፤ የራሴን ጽሑፍ ሳደንቅ አለፈኝ። ልጅቷ ግን የእኛ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ከተማ ያደገች ናት፤ የተሳለ መልአክም ሰይጣንም አይታ አታውቅም።

እናትየው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ልሰድሽ ስለሆነ ነው አይደል? ክፉ ናት ማለትሽ ነው። ለማን ብዬ መሰለሽ የምለፋው?»

ላስረዳ አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀደመችኝ። ምን እንዳጠፋች አልገባትም። «ክፉ አላልኩም እማዬ» አለች። «ሁልጊዜ ሳፋው ላይ ነሻ። ሌላው ዓይንሽ በዚያ በኩል ነው፤ ለእኔ አይታየኝም።»

በሆዴ ያሰናዳሁትን ክርክር ሁሉ ተውኩት። ከዚያ እናትየው ተነሥታ እጇን አደረቀች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ በርጩማዋን ከሳፋው አዙራ ልጇ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«በይ፣ አሁን አይተሽ ሳዪኝ።»

ልጅቷ ከሰሏን አነሣች፤ ለመሳል ግን አልቸኮለችም። እናቷን አየቻት። እናትየውም አየቻት። እንዲያ ሆነው እያሉ ከውጭ የጭነት መኪና ክላክስ ሰማን፣ ደጋግሞ።

«ሹፌሩ ነው» አልኩ።

እናትየው ፊቷን ከልጇ ላይ አላነሣችም፤ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች መለሰችልኝ። «ልጅቷ አትሄድም በዪው። እኔም አልወጣም፤ እየተሳልኩ ነው።»