ለክሬዲት የተላኩ ሽማግሌዎች

የማኅተም ቀለም ሲሸተኝ ሮቤ ትመጣብኛለች። ዛሬ ጠዋትም እንደዚያው ሆነ። አንዲት ተማሪ ከሌላ ኮሌጅ ያመጣችውን ትራንስክሪፕት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች፤ ማኅተሙ በቅርቡ የተመታ ነው መሰለኝ፣ ያ ስፒሪት ስፒሪት የሚለው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። "የትኛው ይያዝልኛል?" አለችኝ። መልስ በመስጠት ፈንታ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ። እሷ መመሪያ የማስታውስ መስሏት በትሕትና ጠበቀችኝ። እኔ ግን ጥቅምት ላይ ነበርኩ፤ ከስንዴው ማሳ የሚመጣው የሮቤ ነፋስ ሻሼን እየጎተተብኝ፣ ከጥድ ዛፍ ሥር ቆሜ።

ያኔ እኔም እንደ እሷ ወንበር ጫፍ ላይ የምቀመጥ ልጅ ነበርኩ። ከአገሬ ርቆ ቆላ ውስጥ ባለ ኮሌጅ ሁለት ዓመት የዕፅዋት ሳይንስ ተምሬ፣ ሦስተኛውን ሳልጀምር ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ያስመለሰኝ የአባቴ ዓይን ነው። አባቴ ጎባ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሌላው ሰው ጥቁር ብሎ የሚያልፈውን እሱ ሦስት አራት ዓይነት ጥቁር አድርጎ የሚለይ ሰው ነበር። በዚያ ክረምት ግን ለደንበኛ ቡኒ ነው ብሎ ወይን ጠጅ ቆርጦ ሰጠ። አዲስ አበባ ሄዶ ሲታይ ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረው አንድ ዓመት ያህል ደህና እንደሚያገለግለው፣ ከዚያ ወዲያ ግን ቃል መግባት እንደማይችል ነገረው። አባቴ ይህን ያወቅነው እናቴና እኔ ብቻ እንድንሆን አደረገ። ለሰው መናገር አልፈለገም። "ጋውን ለብሰሽ ልይሽ እንጂ ሌላው ግድ የለኝም" አለኝ አንድ ቀን፣ ሱቁን እየዘጋን።

ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። ሮቤ ያለው ኮሌጅ የተማርኩትን ከያዘልኝ በሚመጣው ሐምሌ እመረቃለሁ፤ አባቴም ያየኛል። ካልያዘልኝ እንደ አዲስ ገቢ ከሀ እጀምራለሁ፤ ሦስት ዓመት። ሦስት ዓመት ደግሞ የአባቴ ዓይን አይጠብቅም።

አማካሪ ሆኖ የተመደበልኝ ከሰሜን የመጣ ወጣት መምህር ነበር። የባሌ ብርድ እንደ ባላንጣ ይዞት ካፖርቱን ቢሮ ውስጥም አያወልቅም። ሰውዬው ደግ ነው፤ ትዕግሥቱም አይጣል። የዲግሪውን ኮርሶች በሙሉ በነጭ ወረቀት ላይ እንደ ዘር ሐረግ ሣለልኝ። ይሄኛው የዚያኛው ልጅ ነው፣ አባትየውን ሳታልፊ ልጁን መመዝገብ አትችዪም፣ ይሄ ደግሞ ወንድም የለውም፣ መቼም ብትወስጂው ይሆናል እያለ አስረዳኝ። ትምህርት እንደዚያ እርስ በርሱ የተዛመደ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንደሚመጣ እንጂ። ከዚያ ወረቀቶቼን ይዞ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ገባ። ሲወጣ ፊቱን አይቼ ገባኝ። ከቀድሞ ኮሌጄ የኮርሶቹ ዝርዝር ይዘት እንዲላክ ተጽፎ መልስ አልመጣም፤ ይዘቱ ሳይታይ ደግሞ ኃላፊው አንድም ክሬዲት አልይዝም ብሏል። ምዝገባው በዚያው ሳምንት ያበቃል።

ማታ ለአባቴ "ኃላፊው እምቢ አለ" አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም፤ ማልቀስ ቀድሞኝ ነበር። አባቴ "ምን በደልሽው?" ሲል ጠየቀኝ። ምንም አልበደልኩትም፣ ፊቱንም አይቼው አላውቅም አልኩ። አላመነኝም። በእሱ ቤት ሰው በደህና የሰውን ሁለት ዓመት አልቀበልም አይልም፤ መሐል ላይ ቂም አለ፣ ወይ የተሰበረ ቃል አለ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ጎረቤቱን ልኮ ሽማግሌ አስጠራ።

በማግስቱ ጠዋት ከአማካሪዬ ጋር ደጅ ቆመን ሳለ በግቢው በር ሲገቡ አየኋቸው። ፊት ፊት የሚመጡት ከገሰራ የወረዱ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከኋላቸው ሁለት የጎባ ሽማግሌዎች፣ ከእነሱ ኋላ አባቴ። ሁሉም በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። በእኛ አገር ሣር ይዞ የመጣን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ እርቅ ነው የያዘው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዘመናዊ ተማሪ ነኝ፣ ከሩቅ ኮሌጅ መጥቻለሁ፣ አባቴ ደግሞ ለክሬዲት ሽማግሌ ልኮልኛል! አማካሪዬ "እነዚህ አባቶች ማን ሞቶባቸው ነው?" አለኝ በሹክሹክታ። ስነግረው አልሳቀም። ካፖርቱን አስተካከለና ኃላፊውን ሊጠራ ገባ።

ኃላፊው ተቆጥቶ ነው የወጣው። ግን ትልቁ ሽማግሌ ቀረብ ብለው "ነጋ? ፈያ?" እያሉ፣ በኦሮምኛ ሰላምና ጤናውን እየጠየቁ፣ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ቁጣውን የሚያስቀምጥበት አጣ። ሰላምታው ረዘመ። የእናቱን ጤና ጠየቁ፣ አገሩ ዝናብ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ፣ ብርዱን ችሎት እንደሆነ ጠየቁ። ሲጨርሱ ሁላችንም ጥዱ ሥር ተቀምጠን ነበር፤ ኃላፊው እንዴት እንደተቀመጠ ራሱም ያወቀ አይመስለኝም። ተማሪዎች ራቅ ብለው ከበቡን። ግቢው ያን ያህል ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ ከዛፉ አናት የነፋሱ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ትልቁ ሽማግሌ ቀስ ብለው ጀመሩ። "ኢልመ ኮ" አሉት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "ከሩቅ አገር መጥተህ ልጆቻችንን ታስተምራለህ፤ ባለውለታችን ነህ። ይቺ ልጃችን በድላህ ከሆነ እናስክስሃለን። ምን አደረገችህ?"

"ምንም አላደረገችኝም አባቴ። አልተጣላንም።"

"ካልተጣላችሁ ሁለት ዓመቷን ለምን ወሰድክባት?"

ከተማሪዎቹ መሐል አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹ ዝም አሰኙት። ኃላፊው ወደ አማካሪዬ ዞረ። አማካሪዬ ክሬዲት ማለት ምን እንደሆነ ለእኔ እንዳስረዳኝ ለእነሱም አስረዳ፤ ተማሪው በሳምንት ክፍል የሚቀመጥባቸው ሰዓቶች ናቸው አለ። ሽማግሌው ተቀምጣለች ወይ ብለው ጠየቁ። ኃላፊው መቀመጧን እናምናለን፣ የማናውቀው የተማረችው እኛ ከምናስተምረው ጋር አንድ መሆኑን ነው አለ። ሽማግሌው ይህን ወደ ኦሮምኛ መልሰው ለጓደኞቻቸው ነገሩ፤ እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄ ደህና ጥያቄ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ሰው የማያውቀውን ይጠይቃል። ልጅቷ ይቻትና፤ ጠይቋት።"

ኃላፊው መመሪያው ፈተና ሰጥቶ ኮርስ መያዝን እንደሚፈቅድ፣ የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ከተስማማ ማድረግ እንደሚቻል ተናገረ። እስካሁን ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ የተከለከለ ተማሪ ሁሉ አልቅሶ ይሄዳል እንጂ። ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞር ብለው እንባዬን እንዳላዩ ሆኑ። እኔ በዚያች ሰዓት እፍረቴ የት እንደገባ አላውቅም። መጽሐፍ ያልከፈቱ ሰዎች መመሪያው ውስጥ የነበረውን በር በሰላምታና በጥያቄ ብቻ ሲያስከፍቱት አየሁ፤ አፌን ከፍቼ ነበር የማያቸው።

ኃላፊው ግን አልጨረሰም ነበር። አንድ ኮርስ አለ፣ እሱን ልፈትናት አልችልም አለ፤ አፈር። እኔ የተማርኩት የቆላ አፈር ነው። እዚህ ተማሪዎቹ ማሳ ወርደው፣ ጉድጓድ ቆፍረው፣ የሲናናን ጥቁር አፈር በእጃቸው እያሹ ነው የሚማሩት። ሳትነካው አወቀች ብዬ ልፈርም አልችልም፣ ውሸት ይሆናል አለ። ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተመካከሩ። ለእኛ ብለው የመጡ ስለነበሩ ይህንንም ያስለቅቁልኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"የአፈሩን ነገር እውነት ተናግረሃል" አሉት ተመልሰው። "ልጅቷ የአገሯን አፈር ትማር።"

አማካሪዬ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፤ ያን የዘር ሐረግ በቃሉ ያውቀዋል። አፈር የሚሰጠው በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ብቻ ነው። በእሱ ላይ የተንጠለጠሉት ኮርሶች ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋሉ። ይህንኑ ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ውሳኔው አንድ ሙሉ ዓመት ይጨምርባታል አለ። ሽማግሌው ወደ አባቴ ዞሩ።

"ዓመት ቢጨመርባት የምትጎዱበት ነገር አለ?"

አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ያዘ። አላመመኝም፤ ጨርቅ ሲለካ እንደሚይዘው ነው የያዘኝ። ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

"ሐቁ ይሄ ከሆነ ተቀብያለሁ" አለ።

ሽማግሌዎቹ መረቁን፤ ኃላፊውን መረቁት፣ ኮሌጁን መረቁት፣ ስንዴውንም መረቁት። አሜን አልን። ኃላፊው እንደ ተማሪ አጎንብሶ አሜን ሲል አይቻለሁ።

ወደ ጎባ የምትመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ንዴቴ ፈነዳ። ዓይንህን ለምን አልነገርካቸውም አልኩት። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። አባቴ በመስኮት ወደ ሳነቴ በኩል፣ ደመና የተኛበትን ተራራ እያየ ነበር፤ ወይም የሚያይ ይመስል ነበር።

"ብነግራቸው ያዝኑልኝ ነበር" አለ። "ሽማግሌ ካዘነ ያደላል። ያ ሰውዬም ከሽማግሌ ቃል አይወጣም። ከዚያ አፈር ሳታውቂ ትመረቂያለሽ። ነገ ገበሬ ስለ አፈሩ ቢጠይቅሽ ምን ልትዪው ነው? የአባቴ ዓይን ታሞ ነበር ልትዪው?"

ከዚያ ቀን በፊት አባቴን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ጨርቅ የሚቆርጥ፣ ዋጋ የሚከራከር፣ ሶላቱን የማያሳልፍ ሰው። አጠገቤ የተቀመጠው ግን የቀረችውን ብርሃኑን በገዛ እጁ አሳልፎ የሰጠ ሰው ነበር፤ ሰጥቶም ሲያበቃ ከሾፌሩ ረዳት ጋር ታሪፍ ጨመርክ ብሎ ይከራከራል። እስከ ዛሬ እንደዚያ የሚያስፈራኝና የሚያኮራኝ ሰው አላየሁም።

ፈተናዎቹን አለፍኩ። አፈርን ደግሞ በሁለተኛው መንፈቅ ተማርኩት፤ እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ የወደድኩት ትምህርት የለም። ጉድጓዱ ውስጥ ወርደን ግድግዳውን ስናየው አገሬ ከእግሬ ሥር እንዲህ ተነባብራ መኖሯ ያስደነግጠኝ ነበር። ከዚያ አፈር በጨርቅ ቋጥሬ ቤት ይዤ እሄድ ነበር። አባቴ በጣቶቹ መሐል ያሸውና "ይሄማ ከፈይ ጨርቅ ነው" ይለኛል። ያኔ ሱቁ ውስጥ ቀለም የምትለይለት እናቴ ሆናለች፤ እሱ በእጁ እየዳሰሰ ይሸጥ ነበር።

የተመረቅነው በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ጠዋት ያካፋው ዝናብ አባርቶ፣ ሜዳው ሣር ሣር እየሸተተ፣ ቤተሰብ ሁሉ ልጁን ፍለጋ ይጣራል። እናቴ አባቴን በክንዱ ይዛ በሰው መሐል አመጣችው። እኔ ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጋር ጎን ለጎን ቆሜ ነበር፤ ሁለታችንም ያው ጋውን፣ ያው ቆብ፣ ቁመታችንም እኩል። አባቴ ከእናቴ ክንድ ተላቀቀና ቀጥ ብሎ ቆመ። እጁን በግንባሩ ላይ ጋርዶ ረዥም ሰዓት አየ።

"አየሁሽ ልጄ" አለ። "ማሻ አላህ። አምሮብሻል።"

ፊቱ የዞረው ወደ ጓደኛዬ ነበር። እናቴ አንገቷን ደፋች። ጓደኛዬ ደንግጣ ወደ እኔ ተመለከተች፤ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ጋውኗን ሰብስባ በእግሯ ጣቶች ጫፍ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለችልኝ። እኔም ሣሩ እንዳይሰማብኝ ቀስ ብዬ ረግጬ፣ አባቴ ወደሚያይበት ቦታ ሄጄ ቆምኩ።