ያልቀመስነውን አንሸጥም

ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ መፈክር አልወድም። አሰላ የከፈትኳት ትንሽ የፎርማጆ ፋብሪካ ግን ሁለት ደንብ አላት፤ የገበሬ ወተት አንመልስም፣ ያልቀመስነውን አንሸጥም።

አንድ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን አብረው ገቡ። ላም ጾም አታውቅም፤ ወተቱ በየጠዋቱ በጭጋጉ ውስጥ በጋሪ ይመጣል፣ እኛም እንሠራለን። ግማሻችን ክርስቲያን፣ ግማሻችን ሙስሊም ነንና መደርደሪያው ሞልቶ ቀማሽ ጠፋ። አዲስ አበባ ያለው ደንበኛችን «ምን ቸገራችሁ፣ ዝም ብላችሁ ላኩት!» ቢለኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

አመሻሽ ላይ ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ሸፍኖ፣ የቆምንበት ቦታ ሁሉ ሕልም መሰለ። አዛን ሲሰማ ሙስሊሞቹ ባልደረቦቼ በተምር አፈጠሩ። ከዚያ ከመካከላቸው አንጋፋዋ አይብ ሠሪያችን ከአዲሱ ፎርማጆ ቆርሰው ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኛ ክርስቲያን ጿሚዎች ዙሪያቸውን ቆመን ፊታቸውን እናያለን። ደጅ ፎርማጆውን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል።

«ጨው በዝቶበታል» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ አይሄድም።»

«እርግጠኛ ነዎት?» ልላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ወጥቼ ሹፌሩን በባዶ መኪና ሸኘሁት።

የፋብሪካው ባለቤት እኔ ነኝ። የዚያን ፎርማጆ ጣዕም ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም።