ፒታኪ ከካቡ ኋላ የተነሳች ዕለት

በሰሜን አሜሪካ ሜዳ ጎሽ እያደኑ በሚኖሩት በብላክፉቶች ሰፈር ውስጥ እንደ ፒታኪ ቆዳ የሚያለፋ እጅ፣ እንደ እሷም ነገር የሚጎነጉን ምላስ አልነበረም። ያ ምላስ አማቿ ሲኖፓ ዘንድ ሲደርስ ብቻ ይታሰራል። አማት አማቿን ቀና ብላ አታይም፣ አታናግረውምም፤ ነውር ነው። እሷ ግን መላ አታጣም፤ ልጇን አፓኒን አስቀምጣ እሱን ትሰድባለች።

«ለባልሽ ንገሪው፣» አለች በዚያ ጠዋት፣ ሲኖፓ ከድንኳኑ ማዶ ቆሞ እየሰማት። «የጥጃ ቆዳ ለብሶ እንደ ጥጃ ሲጮህ፣ የሚመጡት እናቶች መሆናቸውን አይርሳ። ጎሽ ተጠግቶ የሸመገለ የለም።»

«ሰምቷል እኮ፣ እማ።»

«መስማትማ ውሻውም ሰምቷል።»

«ከሩቅ ብጠራ መንጋው አይከተለኝም በያት፣» አለ ሲኖፓ።

እውነቱን ነው። የበረዶው ወራት ደርሷል፣ በየድንኳኑ ሥጋ አልቋል። ሲኖፓ መንጋውን እያባበለ ወደ ገደል ያመጣል፣ ሰፈርተኛው ደግሞ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከተከመረው የድንጋይ ካብ ኋላ ተደብቆ፣ መንጋው ሲያልፍ ተነስቶ በጩኸት ይነዳዋል። መንጋው ተታልሎ ገደሉ ገብቶ ከተፈጠፈጠ ሰፈሩ ሁሉ ይከርማል። ከደነበረ ግን ረሃብ ነው። ስለዚህ የአደኑ ዘቦች መንጋው ሳያልፍ ከካቡ ኋላ ብቅ ያለ ሰው በዱላ እንደሚቀጠቀጥ አስጠንቅቀዋል። ፒታኪም ካባዋን ተከናንባ ለሲኖፓ ቅርብ ከሆነው ካብ ኋላ ተኛች።

ሲኖፓ ሣሩ ውስጥ እየዳኸ ጮኸ። ጥጃ ራሱ እንደዚያ አይጮህም። ከፊት የምትመራው ላም ጆሮዋን አቁማ መጣች፤ መንጋውም ተከተላት። ያኔ ማፈግፈግ ነበረበት። የኋለኞቹም እንዲሰሙ ብሎ አንድ ጊዜ ደገመ። ላሟ ደረሰችበት፣ የሰው ጠረን አሸተተች፣ በቀንዷ ብሽሽቱን ወግታ ወደ ላይ ወረወረችው። ሲወድቅ ተንበርክካ በግንባሯ ጨፈለቀችው። ፒታኪ አጥንቱ ሲሰበር ሰማች።

ጥቂት ብትታገስ መንጋው ገደል ይገባል። ይህን አሳምራ ታውቃለች። ተነሳች።

ካባዋን ላሟ ዓይን ላይ ወረወረች፣ አፍንጫዋን በድንጋይ ደጋግማ ቀጠቀጠችው። ላሟ ጎኗን መትታ ጣለቻትና ፈረጠጠች። መንጋው ተጠምዝዞ ሜዳውን እያንቀጠቀጠ ሄደ፤ አንድም እንኳ ገደል አልገባም።

ፒታኪ እየዳኸች ወደ ሲኖፓ ደረሰች። ደሙ ከብሽሽቱ ይንፎለፎላል። ሁለት እጇን ቁስሉ ውስጥ ጨመረችና ፊቱን አየችው።

«ምነው ተነሱ፣ እማማ?» አላት። ሲያናግራት የመጀመሪያው ነው። «ልጆቹ ምን ይብሉ?»

«አባታቸውን ቀብረው ምን ሊበሉ ኖሯል? ዝም በል፣ ትንፋሽህን ቆጥብ።»

ዘቦቹ እየሮጡ መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ያውቃታልና አፍሮ ቆመ።

«እጅሽን አንሺና ራስሽን ሸፍኚ፣ ፒታኪ። ትእዛዝ ነው፣ መምታታችን አይቀርም።»

«ምቱ። እጄ ሥራ ላይ ነው።»

መቱ። አንዱ ዱላ ትከሻዋን ሰበረ፣ ሌላው አናቷ ላይ አረፈ። ሲኖፓ «ተዉ» ሊል ሞከረ፤ ድምፅ አጣ።

እሱ ተረፈ። እሷን አፓኒ ስትደርስ ሞታ አገኘቻት። የእናቷን እጆች ከባሏ ቁስል ያላቀቀችው ጣት በጣት ነው።