ፈይዛ ዱባይ ሰፈር ስትመርጥ

መካነ ሰላም መጥታችሁ «የፈይዛ ቤት የት ነው?» ብትሉ ሰው ግንባሩን ይቋጥርባችኋል። ፈይዛ ብዙ ነው። «ፈይዛ ዱባይ» ካላችሁ ግን ባለባጃጁ ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ከመናኸሪያው በላይ ወስዶ ሰማያዊ በር ፊት ያወርዳችኋል። ቤቱን ያሠራችው ራሷ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ። ከተመለሰች አራት ዓመቷ ነው። እናቷ እመት ኡምኩልሱምና ታናሽ እህቷ ፈርሂያ አብረዋት ይኖራሉ።

የኛ ሰው አንድ ጠባይ አለው። ባሕር የተሻገረ ሰው ሲመለስ የሄደበትን አገር ስሙ ላይ ይለጥፍለታል። አንዴ ከለጠፈለት ደግሞ፣ ያ ሰው ስለዚያ አገር የማያውቀው ነገር ይኖራል ብሎ አያስብም። ስለዚህ ፓስፖርት ያወጣ ሁሉ የፈይዛን ሰማያዊ በር ያንኳኳል። ከከላላ ድረስ የሚመጣ አለ። ድሮ ጥያቄያቸው ስለ ማዳሞች ጠባይ ነበር። አሁን አሁን ግን ድርጅት የሚቀጠረው በዛ፤ ድርጅት ደግሞ አንዳንዱ ማደሪያ አይሰጥም። እናም «የትኛው ሰፈር ይሻላል? ኪራይ የሚረክሰው፣ ለሥራም የማይርቀው?» ይሏታል።

ፈይዛም ትመልሳለች። አትቸኩልም፣ አታጋንንም፣ አትስቅም። ከተመለሰች ጀምሮ እንዲያ ናት፤ ድንዝዝ ያለች። ትኩስ ሻይ አፏን ሲልጣት እንኳ ቆይታ ነው የምታውቀው። ያገራችን ሰው ግን ይኼንን ድንዛዜ ዕውቀት ነው ብሎ ያዘው። «ብዙ ያየ ሰው እኮ አያወራም» አሉ። ኧረ ተዉኝ!

እውነቱን ልንገራችሁ። ፈይዛ ዱባይን አታውቀውም። በዘጠኝ ዓመት ከዚያ ግቢ የወጣችው ሦስት ጊዜ ነው፤ ስትገባ፣ ጥርሷን ልትነቀል፣ ስትመለስ። ሦስቱንም መስታወቱ በጠቆረ የማዳሟ መኪና። ቆሻሻውን ዘበኛው ያወጣል፣ ዕቃውን የሱቁ ሰው በር ድረስ ያመጣል፣ አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ወደ አገር ቤት ካርቶን ስትልክ እንኳ የካርጎው ሰው ደጃፍ መጥቶ ወስዶላታል። የምትተኛው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለች ክፍል ነበር።

ታዲያ ስለ ሰፈር የምትናገረውን ከየት አመጣችው? ከማዳሟ የስልክ ወሬ ነዋ! ደግሞ «አላውቅም» ልትል ነው? እናቷ በየለቅሶው፣ በየሠርጉ «ልጄ ዱባይን እንደ መዳፏ ነው የምታውቀው» ትላለች። በስልክም ሁልጊዜ «ዛሬ ገበያ ወጣሁ፣ ዛሬ ባሕር ዳርቻ ዞር ዞር አልን» እያለች የነገረቻቸው ራሷ ፈይዛ ናት። እናቷ እንዳታዝን ብላ ጀመረችው፤ ኋላ ለመተው አፈረች።

የዛሬ ሁለት ዓመቱን ነገር እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። ጎረቤታቸው ጋሼ ብዙነህ ሴት ልጅ አላቸው፣ ሰርካለም የምትባል። ዱባይ አንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ ተቀጠረችና መጥታ «ፈይዛዬ፣ አጠገቡ ያለው ሻርጃ ከተማ ብይዝስ? ይረክሳል አሉ» አለቻት። ፈይዛ ማዳሟ ዓርብ ዓርብ ጧት ሻርጃ እህቷ ዘንድ ስትሄድ «ሃያ ደቂቃ ነው» ስትል ሰምታለች። «ያዥው» አለች። «ቅርብ ነው። ሃያ ደቂቃ።»

የማዳሟ ሃያ ደቂቃ በራሷ መኪና፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው። ሰርካለም በሥራ ቀን፣ በአውቶቡስ፣ ሁለት ሰዓት ከምናምን ፈጀባት። ዶሮ ሳይጮህ እየተነሣችም ታረፍድ ነበር። በአርባ ቀኗ አባረሯት። ሌላ ሥራ እስክታገኝ ሰው ቤት ወለል ላይ ስትተኛ ከረመች።

ጋሼ ብዙነህ ይኼንን ሲሰሙ ምን አደረጉ መሰላችሁ? አንድ ኩንታል ድንች አሸክመው ፈይዛ ዘንድ መጡ። «ልወቅስሽ አይደለም የመጣሁት ልጄ። ዕድሏ ነው። አንቺማ የምታውቂውን ነገርሻት። አልሃምዱሊላህ ነው» አሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ወሎ ነውና እንዲህ ነው የሚባለው። ያን ቀን ምን ተሰማሽ ብትሏት «ምንም» ትላችኋለች፤ እውነቷን ነው። ድንቹን ግን አንድም ቀን አልቀመሰችውም። እናቷ ቀቅላ ስታቀርብ «ሆዴን ይነፋኛል» ትል ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ ተራው የፈርሂያ ሆነ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ዐሥረኛ ጨርሳለች፣ ደሴ ወርዳ ሠልጥና ሲኦሲ የሚሉትን የሙያ ብቃት ፈተና አልፋለች። ዱባይ ሆቴል ጽዳት ተቀጠረች። ድርጅቱ ዐሥር ቀን ያሳድራታል፤ ከዚያ የራሷን አልጋ ፈልጋ መውጣት አለባት። አልጋ ነው የምላችሁ፣ ቤት አይደለም። እዚያ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት አልጋ ይደረደርና ሰው አልጋ አልጋውን ይከራያል። ውሉ ላይ ደግሞ፣ በሦስቱ የሙከራ ወራት ሁለቴ ያረፈደ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ተጽፏል። ለትኬቱና ለሥልጠናው እናቷ ላሟን ሸጣለች።

«እታለም» አለች ፈርሂያ፣ ስልኳን ይዛ አጠገቧ ቁጭ ብላ። «ሻርጃ ይረክሳል ግን የሰርካለምን አይተናል። ከሆቴሉ ጎን ያለው ደግሞ ደመወዜን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። መካከለኛ ሰፈር አንቺ አታጪም። የት ልያዝ?»

«ምን ያስጨንቅሻል!» አለች እናትየው ከጓዳ። «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ! እሷ እያለችልሽ!»

ፈይዛ «ላስብበት» አለች። በማግስቱም «ላስብበት» አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? የሰማቻቸውን ስሞች አንድ በአንድ አነሣቻቸው፤ ዴራ፣ ሳትዋ፣ ከራማ። ስም ናቸው። የቱ ከየቱ እንደሚቀርብ አታውቅም። አንዱን አንሥታ ብትሰጣት እህቷ አምናት ትሄድበታለች፤ ላሚቷም አንዴ ተሸጣለች። ደረቷ ላይ ሊሰማት የሚገባ ነገር እንዳለ ታውቃለች፣ ግን የለም። ጥርሷን ሲነቅሏት መርፌ የተወጋው ድዷ እንዲህ ደንዝዞ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፈርሂያ ለጉዞ ዕቃዋ ፈልጋው ከቁም ሣጥኑ ላይ አንድ ካርቶን አውርዳ ዘረገፈችው። ፈይዛ ከዱባይ የላከችው የመጨረሻው ካርቶን ነው፤ እናቷ የዒድ ልብሷን ታኖርበታለች። ጎኑ ላይ የካርጎው ሰው የላኪውን አድራሻ በወፍራም እስክሪብቶ ጽፎበታል። ፈይዛ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ ፊደሉ ደግሞ የፈረንጅ ነው። ምን እንደሚል አንብባው አታውቅም።

«አቡ ሀይል ይላል!» አለች ፈርሂያ። «ሰፈርሽ አቡ ሀይል ነው? የቪላው ቁጥርም አለ። ቆይ፣ ካርታው ላይ ልጻፈው።»

ጻፈችው። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ አጉላላትና መጣ። ከዚያ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«እታለም! አንቺ ሴትዮ! ባቡሩ እኮ ደጃፍሽ ላይ ነው! በእግር አራት ደቂቃ ይላል። ከዚያ እስከ ሆቴሉ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። የአልጋውም ኪራይ፣ ቴሌግራም ላይ አይቼዋለሁ፣ ከሻርጃ ትንሽ ነው የሚበልጠው። ይኼን ይዘሽ ነው ሦስት ቀን ላስብበት ስትዪኝ የከረምሽ?»

«የምን ባቡር?» አለች ፈይዛ።

ፈርሂያ ሣቀች። እየቀለደች መስሏታል። «በድልድይ ላይ የሚሄደው ነዋ! ከጧት እስከ ማታ በየአምስት ስድስት ደቂቃው ሿ የሚለው።»

ፈይዛ እጇን አንሥታ ጆሮዋን ነካች።

«ዓርብ ጧትስ?» አለች።

«ምን?»

«ዓርብ ጧትም ይሄዳል?»

ፈርሂያ ስልኳን ጎርጉራ አነበበች። «አሁን ይሄዳል። በፊት ግን ዓርብ ጧት አይሠራም ነበር ይላል፤ የሚጀምረው አርፍዶ ነበር። ምነው?»

«የውሃ ፓምፕ ነበር የመሰለኝ» አለች ፈይዛ። «የጎረቤት ፓምፕ። ሿ ይልና ይጠፋል፣ ሿ ይልና ይጠፋል። ዓርብ ጧት ዝም ሲል፣ ለጁምዓ ያሳርፉታል እል ነበር። ደግ ሰዎች ናቸው እል ነበር።»

እናትየው ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። «ምን ማለትሽ ነው? ባቡሩን ሳታዪው ነው?»

«ምንም አላየሁም እማዬ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ ታዲያ?»

«ቤት ውስጥ ነበርኩ።»

«ገበያ ወጣሁ ትዪኝ የነበረውስ? ባሕሩስ?»

«እንዳታዝኚ ብዬ ነው። ማዳም ስታወራ የሰማሁትን ነው የነገርኩሽ። ለሰርካለምም እንደዚያው።»

እመት ኡምኩልሱም «ያ ረቢ!» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያን ያህል ዓመት የኮራችበት ወሬ ባንድ አፍታ ፈረሰባት። ግን ያስለቀሳት እሱ አልነበረም። «ጥርስሽን ባመመሽ ሰሞን እንኳ ባሕር ዳርቻ ዞርኩ ብለሽኝ ነበር እኮ» አለች፣ ደረቷን እየመታች። «እኔም ሣቅሁ! በስልክ ሣቅሁ እኮ!» ፈርሂያም ካርቶኑን እንዳቀፈች አለቀሰች። ሁለቱ ሲያለቅሱ ፈይዛ ታያቸው ነበር። ማልቀስ እንዳለባት ገባት፣ አልመጣላትም። ተነሥታ የፈሰሰውን የዒድ ልብስ እያጠፈች ወደ ካርቶኑ መለሰች።

ከዚያ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ጋሼ ብዙነህ ሱቃቸው በር ላይ ሚዛን እያስተካከሉ ነበር። ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሻርጃን፣ የማዳሟን ሃያ ደቂቃ፣ በዘጠኝ ዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ መውጣቷን። እሳቸው ሚዛኑን አስቀመጡ።

«ታዲያ ልጄ፣ ምናለ አላውቅም ብትዪን?»

«ልክ ነው፣ ማለት ነበረብኝ። አጥፍቻለሁ ጋሼ» አለች። ቀጥላም «ግን እናንተም የትኛው ይሻላል ነው ያላችሁኝ። ወጥተሽ ታውቂያለሽ ወይ ያለኝ አንድም ሰው የለም» አለች።

ጋሼ ብዙነህ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስበው «ተቀመጪ» አሏት። ስለ ዱባይ ግን ምንም አልጠየቋትም።

ፈርሂያ በሳምንቱ ተሸኘች። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ የአቀስታን ደጋ በብርድ አቋርጦ ወደ ደሴ ወሰዳት፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዱባይ። ዐሥሩ ቀን ሳያልቅ አልጋ ያዘች፤ ስድስት ሴቶች ያሉበት ክፍል፣ አቡ ሀይል። እስካሁን አንድም ቀን አላረፈደችም።

ሰማያዊው በር አሁንም ይንኳኳል። ፈይዛ «እኔ አላውቅም፤ የፈርሂያን ቁጥር ልስጣችሁ» ትላለች። አንዳንዱ ኮርታ ነው ብሎ ተቀይሞ ይሄዳል። ይሂድ!

ባለፈው ዓርብ ጧት ፈርሂያ ደወለች። ወደ ሥራ እየሄደች ነበር። እናትየው ከአጠገብ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች።

«እታለም፣ ጣቢያው ላይ ቆሜያለሁ፤ ከፍ ያለ ነው፣ ሁሉ ይታያል። ያ ግቢ ይታየኛል። ቁጥሩን በእግሬ ሄጄ አረጋግጫለሁ፣ ራሱ ነው። ሱቅ አለ፣ መስጊድ አለ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት እንኳ ከጀርባው አለ። መስኮትሽ የቱ ነው? የመንገዱ ነው የጓሮው?»

«መስኮት የለውም» አለች ፈይዛ። «ዝም በይና ባቡሩ ይለፍ።»

ፈርሂያ ዝም አለች። ፈይዛ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ዓይኗን ጨፈነች። ሿ ብሎ መጣ፣ ቆመ፣ ሿ ብሎ ሄደ። እሱ ነው። ጉንጯ ሲረጥብ ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባትም፤ በመዳፏ ጠረገችና መዳፏን አየችው።

«ምን አለች?» አለች እናቷ ምስሩን አስቀምጣ።

«ሰፈሩን ወዳዋለች» አለች ፈይዛ። «ጥሩ ሰፈር ነው አለች። ሁሉ ነገር ቅርብ ነው።»